እራቱን የሚያዘገየው ሽንኩርቱ ነው

በአዲስ አበባ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ያሉት ቀናት ለወላጅ ፋታ አይሰጡም። የበዓሉ ወጪ ሳይረሳ የደብተር፣ የደንብ ልብስና የሰርቪስ ክፍያ ይከተላል፤ ክረምቱን እስከ ረፋድ ሲተኙ የከረሙ ልጆችም በማለዳ ቦርሳ አንግበው ደጅ መቆም ይጀምራሉ። ሥራዬ ሜክሲኮ፣ ቤቴ ስድስት ኪሎ በመሆኑ የታክሲውን ሰልፍና የመንገዱን መጨናነቅ አልፌ ስገባ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ያልፋል፤ ልጆቹ ደግሞ እስከ 3 ሰዓት በልተው፣ የቤት ሥራቸውን አሳይተው መተኛት ይኖርባቸዋል። ብዙ ሰው ለዚህ ሰሞን እራት መፍትሔውን ከአዳዲስ የምግብ ዓይነቶች ይፈልጋል። እኔ ግን በየቤታችን የለመድነው ወጥ በራሱ ፈጣን ነው ባይ ነኝ፤ ጊዜውን የሚወስደው ቁሌቱ ነው።

ነገሩን በደቂቃ ብናስበው ግልጽ ይሆናል። የምስር ክክ መዘፍዘፍ ሳያስፈልገው በ20 ደቂቃ ገደማ ይበስላል፤ ሽሮም ከፈላ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ቢንተከተክ ይበቃዋል። ሽንኩርቱ ግን ተልጦ፣ ደቆ ተከትፎ፣ ውኃውን እስኪመጥ ድረስ ያለ ዘይት ሲማሰል፣ ከዚያም ዘይትና በርበሬ ገብቶበት እንዳያር ሙቅ ውኃ ጠብ እየተደረገለት ሲቁላላ በትንሹ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ይህን ሥራ በሥራ ቀን ለማሳጠር የሚሞክር ሰው ጥሬ ጥሬ የሚል፣ በርበሬው ያልበሰለ ወጥ ያቀርባል፤ ልጆችም ሆድ ቁርጠት አመጣብን ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ 3 ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት በትልቁ ብረት ድስት አቁላላለሁ። ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከገባበት በኋላ ሲሶውን ነጭ እንዳለ ለአልጫ አወጣለሁ፤ በቀረው ላይ በርበሬ ጨምሬ ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ አበስለዋለሁ። ቅቤም መከለሻም አልጨምርበትም። ቅቤ የገባበት ቁሌት ለረቡዕና ለዓርብ አይሆንም፤ መከለሻም መዓዛው የሚጠበቀው ወጡ ሊወጣ ሲል ሲነሰነስ ነው። ሲቀዘቅዝ ለአንድ እራት የሚበቃውን እየለካሁ በየዕቃው እከፍለውና እስከ ረቡዕ የሚያገለግለውን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ቀሪውን ፍሪዘር ውስጥ አኖራለሁ። መብራት ሲጠፋ ሰው በድንጋጤ እየከፈተ ያያል፤ ሳይከፈት የቆየ ማቀዝቀዣ ግን 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ወደ 2 ቀን ገደማ ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ይህ ካለ ሰኞ ማታ የሚቀረው ምስሩን አጥቦ መጣድ ብቻ ነው። ታናሿ ልጄ በርበሬ ስለማትችል ምስሩን በነጩ ቁሌትና በጥቂት እርድ አበስለዋለሁ፤ ሊበስል ሲቃረብ ግማሹን ወደ ሌላ ድስት ገልብጬ በዚያኛው ላይ ቀዩን ቁሌት እጨምራለሁ። በአንድ ጊዜ እሳት አልጫም ቀይም ወጥ ይወጣል፤ ለትንንሾች ተብሎ ሌላ ምግብ መሥራትም ይቀራል። ማክሰኞ የተፈጨ ሥጋ ከተገኘ ምንቸት አብሽ ነው፤ ካልተገኘ በእንቁላል ፍርፍር እናልፈዋለን። ረቡዕ ሽሮ ነው። ሐሙስ ዕለት በቁሌቱ ላይ ቲማቲም ጨምሬ የፓስታ ስጎ አደርገዋለሁ፤ ይህን የሚነቅፉ ዘመዶች አሉኝ፣ ሳህኑን የሚያራግፉትም እነርሱ ናቸው። በፓኬት የሚሸጠውን ፈጣን ኑድል ግን ለእራት አልቆጥረውም፤ ልጅ ይወደዋል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ዳቦ ይጠይቃል።

እንጀራን በሥራ ቀን ቤት መጋገር ለእኔ ዓይነቱ ኑሮ አይታሰብም። ሊጡ ለመቡካት 2 ወይም 3 ቀን ይፈልጋል፤ አብሲቱም ምጣዱም የራሳቸው ጊዜ አላቸው። ከሠፈሩ መሸጫ ገዝቼ እገባለሁ፤ የተረፈውም አይጣልም። የሰኞው እንጀራ ከሰኞው ወጥ ጋር በማግስቱ ፍርፍር ሆኖ የልጆቹን ምሳ ዕቃ ይሞላል፤ ከዚያም የተረፈው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። እጅግ ያመሸሁ ቀን ያንኑ ድርቆሽ በቁሌት ፈርፍሬ ለማቅረብ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም።

ከእራቱ ጎን የሚቀርበው ነገርም ሊታሰብበት ይገባል። በምስርና በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ ሁኔታ እንዲወስደው የሚረዳው በቪታሚን ሲ የበለጸገ ነገር ነው፤ ጥሬ ቲማቲም በሎሚ፣ ወይም ትንሽ ቃሪያ ለሚችል ሰው ስንግ፣ በዚህ ረገድ ሥራ ይሠራሉ። ሻይ ግን በተቃራኒው ብረቱ እንዳይወሰድ ስለሚያደናቅፍ ለልጆች ከምግብ ጋር ማቅረቡን ትቻለሁ። ዓርብ ደግሞ ሳምንቱ ሁሉንም ያደክማልና እሳት አልነካም፦ ቲማቲም ፍትፍት፣ ወይም ሱፉ ቀደም ብሎ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከተቀመጠ የሱፍ ፍትፍት ይበላል።

መስቀል አልፎ የጽጌ ጾም ሲገባ፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ የእሑዱ ቁሌት ይበልጥ ይጠቅመኛል። ጾሙ የፈቃድ በመሆኑ በእኛ ቤት አማቴ ይጾማሉ፣ ልጆቹ አይጾሙም። ወጡ የሚሠራው በአንድ ድስት ነው፤ መጀመሪያ የእርሳቸው ድርሻ ይወጣል፤ ቅቤው የሚገባው በቀረው ላይ፣ ማማሰያውም ከተለወጠ በኋላ ነው።