ለፓይለት የሕክምና ምርመራ ግፊትን ማስተካከል፦ የስምንት ሳምንት መዝገብ

የስምንት ሳምንቱ መዝገብ ትናንት ተዘጋ። መጀመሪያ 151/96 የነበረው በቤት የተለካ የደም ግፊቴ አማካይ አሁን 129/82 ላይ ቆሟል። አሜሪካ ውስጥ ለበረራ ፈቃድ ለምትዘጋጁና ግፊት ላለባችሁ ይጠቅማል ብዬ የማምንበትን ላካፍል።

ስለ ገደቡ ባጭሩ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ ለሦስቱም የፓይለት የሕክምና ማረጋገጫ ደረጃዎች የሚቀበለው ከፍተኛ ቁጥር 155/95 ነው። ብዙ ሰው የግፊት ኪኒን ከጀመረ መብረር የሚከለከል ይመስለዋል፤ አይደለም። ግፊቱ በመድኃኒት የተረጋጋ ሰው እስከ ሦስት ዓይነት እየወሰደ፣ ሌላ ችግር ከሌለበት፣ ማረጋገጫውን እዚያው ኤፍኤኤ ከሰየመው መርማሪ ሐኪም እጅ ሊቀበል ይችላል። አምሎዲፒን፣ ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይፈቀዳሉ። እንደ ክሎኒዲንና ሜቲልዶፓ ያሉ በአንጎል በኩል የሚሠሩት አይፈቀዱም። ሜቲልዶፓ አገር ቤት የታወቀ መድኃኒት ስለሆነ፣ እሱን የምትወስዱ ካላችሁ የምርመራ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩና ይቀየርላችሁ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ በተለይ ክሎኒዲን ድንገት ሲቆም ግፊቱ ከቀድሞው በላይ ይወጣል።

ከስምንቱ ሳምንት ግማሹን የበላው ግን መድኃኒቱ ሳይሆን ልኬቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቁጥሮች ከጠዋት እስከ ማታ በ20 ነጥብ ይለያዩ ነበር። ምክንያቱ በክንዱ ላይ የሚጠቀለለው ካፍ ነበር። አብዛኛው መሣሪያ ይዞት የሚመጣው ካፍ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ላለው ክንድ የተሠራ ነው። በትከሻና በክርን መካከል ላይ የክንዳችሁን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩት። ከ32 ካለፈ ትልቁን ካፍ ግዙ። ካፍ ሲጠብ ደም ሥሩን ለመዝጋት ተጨማሪ ግፊት ስለሚያስፈልገው መሣሪያው የሌለውን ከፍታ ያሳያል። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የታተመ ጥናት በጣም ትልቅ ካፍ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር ወደ 20 ነጥብ ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚነበብ አሳይቷል። ይህ ብቻውን ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን መሣሪያ ደግሞ ጨርሶ አልመክርም፤ እጅ ከልብ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት የለም። ሽንት ቤት ደርሳችሁ ኑ፤ የሞላ ፊኛ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ጀርባችሁን ተደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታጣምሩ መሬት አስረግጣችሁ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ካፉም በባዶ ክንድ ላይ እንጂ በሸሚዝ ላይ አይታሰር። እየተለካችሁ አታውሩ። ጠዋት መድኃኒት ከመውሰዳችሁ በፊት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት፣ ለሰባት ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ጣሉትና የቀሩትን 24 ቁጥሮች አማካይ ያዙ። የቤት አማካይ ከ135/85 በታች ከሆነ ለምርመራው በቂ ክፍተት አላችሁ። ደስ ያላችሁን ቁጥር መርጣችሁ አትጻፉ፤ ሐኪሙ መድኃኒት የሚመጥነው በዚያ ወረቀት ነው።

ቤት 128 ሆኖ ክሊኒክ ሲገባ 160 የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው፤ ነጭ ጋውን ሲያይ ልቡ ይመታል። ይህ መፍትሔ አለው፤ መርማሪው ሐኪም በዚያው ቀጠሮ ደግሞ ሊለካ ይችላል፣ ካልሆነም በሰባት ቀን ውስጥ በሦስት የተለያዩ ቀናት ተመልሳችሁ እንድትለኩ ማድረግ ይችላል። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ለኤፍኤኤ ልኮ እስኪዘጋ 14 ቀን አለው። ይህን አማራጭ ራሳችሁ አንሱት። መድኃኒት ከተቀየረ ደግሞ ሰባት ቀን አይበረርም፤ ስለዚህ ቅያሪውን ወደ ቀጠሮው አታስጠጉ። አምሎዲፒን በደም ውስጥ መጠኑ እስኪረጋ ራሱ ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

ስለ ምግብ ያለኝ ምክር ያልተሟላ ነው፤ እኔም ገና አልጨረስኩትም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የእኛ ማእድ ችግር ጨው ሁለት ጊዜ መግባቱ ነው፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ አንዴ፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ። ያለ ጨው የተፈጨ ሽሮ ማስመጣቱ ከሁሉም የበለጠ ረድቷል። ጾም ላይ መሆን ጨው መቀነስ አይደለም። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ምግብ ናቸው፤ የመድኃኒት ቦታ አይሰጣቸው። ሶዲየሙ ተቀንሷል ተብሎ የሚሸጠው ጨው አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም ስላለው ሊሲኖፕሪል ወይም ሎሳርታን የምትወስዱ ሐኪም ሳትጠይቁ አትንኩት፤ የፖታሲየም መብዛት የልብ ምት ያዛባል።

ጉንፋን ሲይዛችሁ ሱዶኤፌድሪን ያለበትን ኪኒን፣ ለራስ ምታትም አይቡፕሮፌን ተጠንቀቁ፤ ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ። በምርመራው ቀን መድኃኒታችሁን በተለመደው ሰዓትና መጠን ውሰዱ፤ ለዚያ ቀን ብሎ መደረብ ሲቆሙ ያዞራል። በምርመራው ማመልከቻ ቅጽ ላይ ግፊታችሁን፣ መድኃኒታችሁንና ያለፉትን ሦስት ዓመታት የሐኪም ጉብኝቶች ሳትደብቁ ሙሉ፤ መዋሸት የፌዴራል ወንጀል ነው። የሰባት ቀኑን መዝገብ፣ የሐኪማችሁን ማስታወሻና ክንዳችሁ ትልቅ ከሆነ የራሳችሁን ካፍ ልክ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።