የዓርቡ ሺፍት

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ፓስታ ፋብሪካ የሺፍት ኃላፊ ሳለሁ የገጠመኝ ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ያናድደኛል።

ሠራተኞቻችን ሰዓት ይለዋወጡ ነበር። ዓርብ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሲወጡ ክርስቲያኖቹ ማሽኑ ላይ ይቆማሉ። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓትም እንደዚያው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ ክርስቲያኑ ቁልቢ ገብርኤል ይሄዳል፤ መስመሩን ሙስሊሞቹ ይይዛሉ። ማን ለማን እንደቆመ አንድ አንጋፋ ኦፕሬተር በደብተር ይመዘግባል። ያዘዛቸው ሰው አልነበረም።

ከአዲስ አበባ የተመደበው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የሰዓት መቆጣጠሪያውን አይቶ ጠራን።

«ይሄ ፋብሪካ ነው ወይስ ዕድር? ሁሉም በየራሱ ተራ ይግባ!»

አንጋፋው ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «አቦ፣ ዓርብ ይቺ ባልደረባዬ ትቆምልኛለች፤ ለቁልቢ እኔ እቆምላታለሁ። በዚህ ምክንያት ማሽን ቆሞ ያውቃል?»

መልስ አላገኘም። በማግስቱ መለዋወጥ የሚከለክል ማስታወቂያ ተለጠፈ።

ዓርብ ደረሰ። ኦፕሬተሮቹ ፈቃድ ሞልተው ወጡ። የሚተካቸው ስለሌለ መስመሩ ቆመ። ማሽን ሲቆም ሊጡ ቅርጽ ማውጫው ቀዳዳ ውስጥ ይደርቃል። እየፈታን፣ ውኃ ውስጥ እየዘፈዘፍን፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ስናጸዳ መሸ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ ወይም በሃይማኖት ሠራተኛን ማበላለጥ ይከለክላል። ሥራ አስኪያጁም ሁሉንም እኩል ያየ መስሎታል። ያላየው ግን የፋብሪካውን ጉልበት ነው። ሁላችንም የአንድ እምነት ሰዎች ብንሆን ኖሮ ሁላችንም በአንድ ቀን እንቀር ነበር። መስመሩን ዓመቱን ሙሉ ያስኬደው በዓላችን መለያየቱ ነው። ይህ ደግሞ የሚሠራው ሰው ለሰው ሲተማመን ብቻ ነው።

ክልከላው በዝምታ ተነሳ። ቆይቶ ግን መለዋወጡ ቅጽ ወጣለትና ስብሰባ ላይ «ብዝኃነትን የማስተዳደር አሠራራችን» ተብሎ ቀረበ። አንጋፋው ኦፕሬተር እዚያው ተቀምጧል፤ ስሙን ያነሳ የለም። እጄን አውጥቼ ሐሳቡም ደብተሩም የእሱ እንደሆነ ተናገርኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።

ቅጹ ሦስት ፊርማ ይፈልጋል። ፊርማው እስኪሟላ ጁምዓው ያልፋል። ስለዚህ ብዙዎቹ መለዋወጡን ትተው ፈቃድ መሙላት ጀመሩ። ፋብሪካውን እስክለቅ ድረስ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ የሺፍት ኃላፊ ፊርማ ብቻውን ይብቃ።