የተረኞች መዝገብ

የመልቀቂያ ማመልከቻ ሲመጣልኝ አላነበውም ማለት ይቻላል። «በግል ጉዳይ ምክንያት ሥራዬን በፈቃዴ ስለምለቅ ክሊራንስና የሥራ ልምድ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ቀኑና ፊርማው ብቻ ይለያያል።

የምሠራው በደቡብ ወሎ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ በመጠጥ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የሰው ሀብት ክፍል ነው። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት፤ ጉድጓዶቹ ደግሞ ታች ሜዳው ላይ። ውሃው እስከ ላይኛው ማጠራቀሚያ የሚወጣው በፓምፕ ግፊት ስለሆነ ፓምፕ ለጥቂት ሰዓት ከቆመ የላይ ሰፈር ሰው ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ሌሊቱን ብቻውን የሞተሩ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ፓኔል ቦርድ፣ ፊት ቁጭ ብሎ በየሰዓቱ ቮልትና አምፒር የሚመዘግብ አንድ ኦፕሬተር ነው። ችግራችን ደግሞ እነዚህ ኦፕሬተሮች አንድ በአንድ እየለቀቁ መሄዳቸው ነበር።

በስብሰባ ላይ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ደመወዝ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ልጅ ዓይኑ ወደዚያ ነው ይባላል። ውሸት አይደለም። ግን ይህ መልስ ለምን እንደሚወደድ ቆይቶ ገባኝ፤ የደመወዝ ስኬሉን የሚወስነው ሌላ አካል ስለሆነ «ደመወዝ ነው» ከተባለ እዚያ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ማንም ሰው አይጠየቅም። ሻይ ጠጥተን እንበተናለን።

አንድ ሌሊት፣ ወደ 9 ሰዓት ግድም፣ የትልቁ ጉድጓድ ሞተር ተቃጠለ። ኤሌክትሪክ ከሚያመጡለት ሦስት መስመሮች፣ ፌዝ ከሚባሉት፣ አንዱ ጠፍቶ ነበር። ሞተሩ እንዲህ ሲሆን ወዲያው አይቆምም፤ በቀሩት በሁለቱ እየታገለ ይቀጥላል፣ የሚስበው አምፒር ይጨምራል፣ ጥቅልሉ እየጋለ ሄዶ ይነዳል። ጉድጓድ ውስጥ ስለተቀበረ ሽታውም ጭሱም ወደ ላይ አይመጣም። የተቃጠለውን ለማውጣት ክሬን ተከራይቶ ቱቦውን አንድ በአንድ እየፈቱ መሳብ ነው። ከተማው ውሃ አጣ፤ ኦፕሬተሩ ልጅ ደግሞ ጠዋት ከተራው ሳይወርድ ደብዳቤ ደረሰው፤ «ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ የማትሆንበትን ምክንያት በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታስረዳ»።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ኤሌክትሮ መካኒኩ የተረኞች መዝገቡን አስመጥቶ የቮልቱን ዓምድ በጣቱ እየተከተለ ሲወርድ፣ እኔ ቁጥር ስለማይገባኝ ዳር ያለውን «ምርመራ» የሚለውን ዓምድ አነበብኩ። «ፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌው ተበላሽቷል፤ ሞተሩ ያለ እሱ በቀጥታ ተያይዞ ነው የሚሠራው።» ገጽ ገለጥኩ። «ሪሌው አልተቀየረም።» ሌላ ገጽ፣ ሌላ የእጅ ጽሑፍ፤ «አሁንም አልተቀየረም፣ ኃላፊ ይወቀው።» ሪሌው ማለት ፌዝ ሲጎድል ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ከሞተሩ ጋር ለንጽጽር የሚቀርብ አይደለም።

ፊርማዎቹን ሳይ አወቅኳቸው። «በግል ጉዳይ» ብለው የለቀቁት ልጆች ናቸው። ፋይላቸውን አምጥቼ የለቀቁበትን ቀን ከመዝገቡ ጋር ሳስተያይ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ሁሉም መጀመሪያ ላይ ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ ሪሌው፣ ስለ በሩ መብራት፣ ስለ ባትሪው። ከዚያ ይቀንሳል። ከመልቀቃቸው በፊት ባሉት ወራት የምርመራው ዓምድ ባዶ ነው፤ ቁጥር ብቻ። እኛ ያን ጊዜ «ጸባየ ሸጋ፣ ቅሬታ የሌለው ሠራተኛ» እያልን የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ስንሞላላቸው ነበር።

ጉድጓዱ ጋ ስንወርድ ሽማግሌው ጥበቃ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ወሎ ነውና ሳይጠጡ ወደ ነገር መግባት የለም፤ ዱዓቸውን አድርሰው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለብር ብለው የሄዱ መስሎሽ ነው ልጄ?»

«ታዲያ ምን ብለው ነው አባቴ?»

«ይቃጠላል፣ ይሄ ነገር መቃጠሉ አይቀርም ይሉ ነበር። በኔ ተራ እንዳይሆን ብለው ነው የሸሹት። ይሄ ምስኪን ነው የዘገየው።»

ከለቀቁት አንዱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቷል፤ ደወልኩለት። የቤት ኪራይ ሲነሳለት ብዙ የተረፈው እንደሌለ አልደበቀኝም። «እዚህ ማሽን ሲቆም መጀመሪያ የሚያዩት ማሽኑን ነው፤ እናንተ ጋ ሰውየውን» አለኝ።

ሪፖርቱን ስናቀርብ ሥራ አስኪያጁ አልተደሰቱም። «ልጁን ነፃ ካወጣነው ለበላይ አካል ምን ልንል ነው?» አሉ። ጭቅጭቁ ረዥም ነበር፤ መጨረሻ የረታው ኤሌክትሮ መካኒኩ ነው፤ የመዝገቡን ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ደረደረና «እነዚህም ለበላይ አካል አብረው ይሂዱ» አለ። ደብዳቤው ተሻረ። ሪሌው ተገዛ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ቀላል ነው። የምርመራው ዓምድ በየሳምንቱ ሰኞ ለቴክኒክ ክፍል ይገባል፣ ክፍሉም በዚያው መዝገብ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መልስ ይጽፋል። «በጀት የለም» ማለትም መልስ ነው፤ ባዶ መተው ግን አይቻልም። ደመወዝ በሳንቲም አልጨመረም፤ ያ ልጅ ግን አለ። ሌላ አንድ ኦፕሬተር ለቅቆብናል፤ እሱ እውነትም የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ነው፣ ምሳ ጋብዘን ሸኘነው።

አሁን ቅሬታ የሚያቀርበው የግዥ ክፍል ነው፤ ኦፕሬተሮቹ ጥያቄ አበዙ ይላል። ባለፈው ሰኞ ስለ ተረኛ ማረፊያው ጣሪያ ብቻ ግማሽ ገጽ ተጽፏል፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቆርቆሮው ካልተቀየረ ፓኔሉ ላይ ሊያንጠባጥብ ነው ብለዋል። የዋጋ ማቅረቢያው ወጥቷል።