«ኮሜንስ» ከዚራ ላይ

የጎረቤታችን ልጅ ዛሬ የቅጥር ደብዳቤ ደረሳት። እልል ልትል ስትል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አቆማት። ሥራሽ ሰኞ «ኮሜንስ» ያደርጋል ይላል። እሷ «ኮመንት» መስሏት፣ ገና ሳልገባ ምን አስተያየት ልስጥ ብላ ተጨነቀች።

በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ቡና የሚጠጡ የምድር ባቡር ጡረተኛ ጋሼ ወረቀቱን ተቀበሏት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። «ኮማንሴ! ይሄማ ፈረንሳይኛ ነው የኔ ልጅ። መጀመር ማለት ነው።» እውነታቸውን ነው። ኖርማኖች በፈረንጆቹ 1066 እንግሊዝን ከወረሩ በኋላ ከፈረንሳይኛ ከገቡት ቃላት አንዱ ነው። ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያ) የመጣ ለገሃር የሚል ሰፈር ላለን ለድሬ ልጆች ይሄ ብርቅ አይደለም።

«ቢጊን»ም ያው መጀመር ነው። ኮሜንስ ግን ሱፍ የለበሰ ነው፤ ለውል፣ ለችሎት፣ ለሥነ ሥርዓት ይሆናል። «ምሳ ኮሜንስ አደረግኩ» ብትሉ ፈረንጁ ፈገግ ይላል። አሜሪካኖች ደግሞ የምርቃት በዓላቸውን «ኮሜንስመንት» ይሉታል። ትምህርት ሲያልቅ መጀመሪያ! (እኛም ሥራ ፍለጋውን የምንጀምረው ያኔ ነው።)

ልጅቷ አሁን ጭንቀቷ ሌላ ነው። በዚህ ሙቀት ሰኞ ምን ይለበሳል?