«ስንት ብር ሰጧቸው?»

ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። እኔ ሱፍ ለብሼ፣ ልጄ የትምህርት ቤቷን ማሊያ ለብሳ፣ መሀላችን አንድ ነጭ ሽማግሌ የእንጨት ሰሌዳ ታቅፈው። ከሥሩ «የልጄ ትምህርት ቤት የድሮ ስፖርተኞቹንና አሰልጣኞቹን ሲያከብር» ብዬ ጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ከአገር ቤት ጥያቄው ዘነበ። «ስንት ብር ሰጧቸው?» «መኪና ነው ቤት?» «እዛም መሬት ይሰጣል እንዴ?» አንድ አብሮ አደጌ ደግሞ «አንተስ ምን ደረሰህ?» አለኝ።

ምንም። እንዲያውም ለእራቱ ከፍዬ ነው የገባሁት።

ይሄን ብነግራቸው ማን ይመን! እውነቱ ግን ይሄው ነው። እዚህ አሜሪካ ለእንዲህ ዓይነት ዝግጅት የእራት ቲኬት ትገዛለህ። ተሸላሚው ራሱ በነጻ ይገባ ይሆናል፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን አባታቸው ሲከበር ለማየት እንደማንኛችንም ይከፍላሉ። እኛ ብንሆን የሰፈሩ ሰው ሳይጠራ መጥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ሲወጣ ደግሞ «ድግሱ ቀጠን ብሏል» ብሎ ያማ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ የአሜሪካ ሃይስኩሎች «ሆል ኦፍ ፌም» የሚሉት የክብር መዝገብ አላቸው። ሰዎች ይጠቁማሉ፣ ኮሚቴ ይመርጣል፣ የተመረጠው ሰው ስም በሰሌዳ ተቀርጾ ጂሙ አጠገብ ይሰቀላል። በአገር ደረጃም ከ1982 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጀምሮ የሃይስኩል ስፖርት ሰዎችን የሚያከብር አለ። በቃ ሽልማቱ ሰሌዳውና ጭብጨባው ነው።

ማን ይከበራል ካላችሁ፣ እኔ መጀመሪያ የሳቅኩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ተሸላሚ በወጣትነቱ በስቴቱ ውድድር ሦስተኛ የወጣ ሰው ነው። ሦስተኛ! አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። እኛ ከቶኪዮ ኦሎምፒክ አንድ ወርቅ፣ አንድ ብርና ሁለት ነሐስ ይዘን ስንመለስ አገሩ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር የሰነበተው። በዓለም ሦስተኛ የወጡትን ልጆች «ምን ነካቸው?» ነው ያልነው።

ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ተጠሩ። ከ1972 በፊት ቅርጫት ኳስ ይጫወቱ ነበር። በዚያ ዓመት ነው «ታይትል ናይን» የሚባለው ሕግ ወጥቶ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በጾታ እንዳያዳሉ የተከለከሉት። ከዚያ በፊት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ጂሙን የሚያገኙት ወንዶቹ ሳይመጡ በማለዳ ነበር። ማሊያውም ወንዶቹ ለብሰው የጨረሱት ነው። «ጀርባዬ ላይ የነበረውን ቁጥር በፕላስተር ሸፍኜ ነበር የምጫወተው» አሉ፣ እየሳቁ። ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ሰማቻቸው። ይሄ ራሱ ሌላ ሰሌዳ የሚያሰጥ ነው።

መጨረሻ ላይ ፎቶው ላይ ያሉት ሽማግሌ ተነሱ። ዕድሜ ልካቸውን ጠዋት ሒሳብ አስተምረው፣ ከሰዓት አገር አቋራጭ ያሠለጠኑ ናቸው። ማይኩን ይዘው «እኔ ጋ የሮጣችሁ እስቲ ተነሱ» አሉ። ግማሹ አዳራሽ ተነሳ። መላጣው፣ ሆድ ያወጣው፣ ከዘራ የያዘው። ሽማግሌው በስም አልጠሯቸውም። አንድ ማይል በሮጡበት ሰዓት ነው የጠሯቸው። «አንተ፣ አራት ደቂቃ ከአርባ አንድ። አንቺ፣ አምስት ከሃያ፣ ያውም በጭቃ። አንተ ደግሞ ስንት እንደሆነ ለሚስትህ አልነግርም።» ያ የመጨረሻው ሰውዬ ፊቱ በርበሬ መስሎ ቁጭ አለ።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ የመድረክ መሪው ወደኛ ጠረጴዛ ዞረ። ማን እንደነገረው እንጃ፣ «ዛሬ ከሯጮቹ አገር ከኢትዮጵያ የመጣ ወላጅ አብሮን አለ፤ እባክህ ተነስ!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። ተነሳሁ። ሆዴም አብሮኝ ተነሳ። «የማራቶን ሰዓትህ ስንት ነው?» አለኝ። በእግዜር! እኔ በሕይወቴ የሮጥኩት አንበሳ አውቶቡስ ለመያዝ ነው። እሱንም አልያዝኩትም።

እዚህ የምንኖር ሐበሾች ይሄን እናውቀዋለን። ሐኪሙ የልብህን ምት አዳምጦ «አሃ፣ ሯጭ ነህ!» ይልሃል። አለቃህ የመሥሪያ ቤቱ የበጎ አድራጎት ሩጫ ላይ ሳይጠይቅህ ይመዘግብሃል። ያናድዳል። ግን ደግሞ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያመጣው ክብር ስለሆነ «አይ፣ እኔ አልሮጥም» ማለት አገርን መክዳት ይመስላል። ኩራቱን እንቀበላለን፣ ሩጫውን ለአርሲ ልጆች ትተናል።

ያም ይለፍ። ያንገበገበኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሽማግሌው እኛ ጠረጴዛ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና «ለመሆኑ ያንተ የስፖርት አስተማሪ ማን ነበር?» አሉኝ። እየሳቅኩ «ጋሽ ፊሽካ እንላቸው ነበር» አልኩ። እሳቸው አልሳቁም። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ፣ እስክሪብቶውን ከፈቱና «ሙሉ ስማቸውን ንገረኝ፣ ልጻፈው» አሉ። የሌላ አገር አሰልጣኞችን ስም መሰብሰብ ይወዳሉ መሰለኝ። እኔ የጋሽ ፊሽካን የአባት ስም አላውቅም። የራሳቸውንም ስም ከፊሽካው ለይቼ ለማስታወስ ጊዜ ፈጀብኝ። «በሕይወት አሉ?» አሉኝ። እሱንም አላውቅም። ሽማግሌው ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደኑት። ምንም ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ፊሽካ እኮ ቀላል ሰው አልነበሩም። ለርዝመት ዝላይ የሚሆነውን አሸዋ ከወንዝ ያመጡት ራሳቸው በልምምጥ መኪና ለምነው ነው። ለዱላ ቅብብል የመጥረጊያ እንጨት ቆርጠው፣ ጫፉን በብርጭቆ ስባሪ ፍቀው አለሰለሱት። ከፍታ ዝላይ በገመድ ነበር፤ አንዱን ጫፍ የምይዘው እኔ ነኝ። «ልጃችን በቁምጣ አትሮጥም» ያሉ ቤተሰቦች ቤት እየሄዱ፣ ቡና እየጠጡ፣ ለምነው ሴቶቹን ያስፈቀዱ እሳቸው ናቸው። የሁላችንንም ስም እስከ አያት ያውቁ ነበር። እስከ አያት!

የኛ ነገር እንዲህ ነው። ለመከበር ወይ ኦሎምፒክ ማሸነፍ አለብህ ወይ መሞት። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በቆጂ ላይ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። እነ ደራርቱ ቱሉ፣ እነ ቀነኒሳ በቀለ፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈው ዓለም ሲያያቸው እሳቸውንም አየ። እሰየው። ግን ከእጁ ደራርቱ ያልወጣችለት የስፖርት አስተማሪ በየወረዳው ስንት አለ? ምሩጽ ይፍጠርስ? በ1980 ሞስኮ ላይ 5 ሺህንም 10 ሺህንም ጠራርጎ ወስዶ፣ በ2016 ያረፈው በስደት ቶሮንቶ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ቶሮንቶ ውስጥ ስንቱ ሐበሻ አጠገቡ ቆሞ ሳያውቀው አልፏል?

ሙሉ በሙሉ አንችልበትም ማለቴ አይደለም። በ1984 የተጀመረው የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ሲካሄድ የድሮ ኳስ ተጫዋቾች የክብር እንግዳ ሆነው ሲጠሩ አይቻለሁ። ስታዲየሙ ውስጥ ሽማግሌ እግር ስር የሚወድቅ ጎረምሳ ማየት ደስ ይላል። ግን እሱም የክለብና የብሔራዊ ቡድን ሰው ነው። የሃይስኩሉን ፊሽካ ማን ይጥራው?

ፈረንጆቹንም ዝም ብዬ አላሞግስም። ልክ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራቱ በራ፣ ሕዝቡ ኮቱን አነሳ። ሽማግሌው የክብር ሰሌዳቸውን ግድግዳ አስደግፈው ወንበር ማነባበር ጀመሩ። አዎ፣ ተሸላሚው! ልቀበላቸው ስል «ሁልጊዜም የማነባብረው እኔ ነኝ» ብለው እምቢ አሉ። ከዚያ ሰሌዳቸውን የኋላ ወንበር ላይ ጥለው፣ መኪናቸውን ራሳቸው አስነስተው፣ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው። ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው አሉ። እኛ ዘንድ ቢሆን በጭፈራ ደጃቸው ድረስ ሸኝተን፣ እዚያም ሌላ ግብዣ ጀምረን፣ እንቅልፍ እንነሳቸው ነበር።

በማግስቱ የክፍል ጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ገባሁ። ይሄ ግሩፕ በአበባ ያጌጠ «መልካም ቅዳሜ» ከመላላክ በቀር ሥራ የለውም። «የጋሽ ፊሽካ ሙሉ ስም ማን ነው?» አልኩ። አንዷ «ነፍሳቸውን ይማር፣ ካረፉ ቆዩ» አለች። ሌላው «አዎ፣ ተዝካራቸውን በልቻለሁ» ብሎ መሰከረ። ሦስተኛው ምንም ሳይል ስልክ ቁጥራቸውን ላከ። ተዝካር የበላው ልጅ እስካሁን ከግሩፑ እንደወጣ ነው።

ደወልኩ። ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አያትህን ጨምርልኝ» አሉ። ጨመርኩ። «ገመድ ያዡ! አሁንም እጅህ ይንቀጠቀጣል?» ብለው ሳቁብኝ። ስለ ጡረታ ደሞዛቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ብጠይቃቸው «ተመስገን ነው» ብለው ዘጉት። ለራሳቸው ምንም አልጠየቁም። ልንሰናበት ስንል ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንድ ልጅ አለኝ፣ 1500 ይሮጣል፣ ጉድ ነው። ውሰደው እባክህ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ አንድ ሰው ይሄን ይጠይቀኛል። ልጅ ሆኖ ከመጣ ሌላ ነው። ኤርትራ የተወለደው የማራቶን ሯጭ መብ ከፍለዝጊ በ12 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር መጥቶ፣ ሩጫውን የስፖርት አስተማሪው አይቶለት፣ በሳን ዲዬጎ ሃይስኩል አድጎ ነው በ2009 ኒውዮርክን፣ በ2014 ቦስተንን ያሸነፈው። ሃይስኩል የጨረሰ ልጅ ግን በእግሩ ብቻ ስኮላርሺፕ አያገኝም። የኮሌጅ ስፖርቱን የሚመራው ኤንሲኤኤ አንደኛ ዲቪዚዮን ለመሮጥ 16 መሠረታዊ የትምህርት ኮርሶችና ከ4 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠይቃል። ሃይስኩል ጨርሶ ቤት በተቀመጠ ቁጥር የሚሮጥበት ዓመት ሊያልፈው ይችላል። የጎዳና ላይ ሩጫ ሽልማት ብር ከተቀበለም ጣጣ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ልጁ ሒሳብና እንግሊዝኛውን ይያዝ፤ ትራንስክሪፕቱን አሁኑኑ አስተካክሎ ያስቀምጥ፤ የሮጠበትን ሰዓትና ውድድር የሚያሳይ ሰርተፊኬት ማኅተም ያስመታበት። «የውድድር ቪዛ አለኝ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ይዝጋበት። ከቡድን ጠፍተው የቀሩ ሯጮች እዚህ አሉ። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሱ አድረው ጠዋት ልምምድ የሚወጡ። ጉልበታቸው ሲጎዳ የሚያያቸው አሰልጣኝም ሐኪምም የላቸውም።

ጋሽ ፊሽካ ሁሉንም በጸጥታ ሰምተው «እሺ፣ ሒሳብ አስጠናዋለሁ» አሉ። ከዚያ «አንተም ሒሳብ አትችልም ነበር» ብለው ጨመሩ።

ግሩፑ አሁን ጦፏል። ለጋሽ ፊሽካና ለድሮዎቹ ስፖርተኞች እዚያው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዝግጅት እናድርግ ተባለ። መጀመሪያ ክርክሩ የሴቶች መረብ ኳስ ያሠለጠኑት እትዬ ለምን ተረሱ በሚል ነበር፤ ትክክል ነው፣ ተጨመሩ። ቀጥሎ በሬ ይታረድ ወይስ አይታረድ ሆነ። ታዳሚው እንደ ፈረንጅ ቲኬት ይግዛ ብል ግሩፑ በሙሉ ሰደበኝ። እስካሁን ሊቀመንበር፣ ምክትል ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ሁለት የሕዝብ ግንኙነት መርጠናል። ገንዘብ ያዥ የሚሆን ሰው ግን ጠፋ።