ሀ፣ ሐ እና የጠፋው ውል

ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የቡና ነጋዴ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር ደብዳቤ፣ ማመልከቻ፣ ሁሉም እዚያ ይተየባል። ባለፈው ክረምት አንድ ሐጂ ዝናብ እየመታቸው ገቡ። «ልጄ፣ አምና የጻፍሽልኝ የቤት ኪራይ ውል ጠፋብኝ። ኮምፒውተርሽ ላይ ይኖራል አይደል?»

«ይኖራል ሐጂ፣ ቁጭ ይበሉ» አልኳቸው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ፎልደር ስከፍት ስዘጋ ቆየሁ፤ የለም። «ግድ የለም፣ ነገ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ። እኔን ግን ከነከነኝ። ሰው አምኖ የሰጠኝን ወረቀት ፈልጌ ማጣት ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኮምፒውተሬ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ኡቡንቱ በሚባለው ሲስተም ነው። ማታ ሱቁን ዘግቼ ተርሚናሉን፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፈትኩ። ፋይንድ የሚባለው ትዕዛዝ ፋይልን በስሙ፣ በመጠኑ ወይም በቀኑ ይፈልጋል። ግሬፕ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ቃል ያወጣል። ፋይንድን ስሙ ላይ «ሐጂ» ያለበትን ሁሉ አምጣ አልኩት። ከፊትና ከኋላ ኮከብ ምልክት (* ፣ «ማንኛውም ፊደል ይሁን» ማለት ነው) አድርጌ፣ ሙሉውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ከተትኩት። ጥቅሱ ከቀረ ተርሚናሉ ኮከቡን ቀድሞ በራሱ ይፈታዋል፤ ፋይንድ ጋ የሚደርሰው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ምንም አላመጣም።

ለካ ችግሩ ፊደሉ ነው። ሱቁ ውስጥ የምንተይበው እኔና እህቴ ነን። እኔ «ሐጂ» እላለሁ፣ እሷ «ሃጂ» ትላለች፣ ሥራ ሲበዛ ሁለታችንም «ሀጂ» እንላለን። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ለእንግሊዝኛ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እኩል እይ የሚባልበት አማራጭ አለ። ሀ እና ሐን እኩል እይ የሚል ግን አላገኘሁም። መላው ባለ ማዕዘን ቅንፍ ነው። [ሀሃሐሓኀኃ]ጂ ብሎ መጻፍ ማለት ቅንፉ ውስጥ ካሉት አንዱ ከተገኘ ይበቃል ማለት ነው። ውሉ ወዲያው ወጣ፤ እህቴ «ሃጂ» ብላ አስቀምጣዋለች። በማግስቱ ሐጂ ሲመጡ ታትሞ ጠበቃቸው።

ከዚያ ወዲህ [ሰሠ]፣ [ጸፀ]፣ [አኣዐዓ] ብዬ ጽፌ ስክሪኑ ጎን ለጥፌያለሁ። «ፀሐይ»ን ስፈልግ [ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ እላለሁ። ቅንፉ በትክክል እንዲሠራ ግን ተርሚናሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ኮድ ላይ መሆን አለበት። እዚያ አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ) ይይዛል። የፋይል ስም ደግሞ ከ255 ባይት አያልፍም፤ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። እህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ ሙሉ ርዕስ የፋይል ስም ላድርግ ስትል እምቢ ይላት የነበረው ለዚህ ነበር።

ግሬፕ ዶክኤክስ በሚባለው የወርድ ፋይል ላይ አይሠራም፤ ውስጡ የተጨመቀ ነው። መጀመሪያ ሊብሬኦፊስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ወደ ተራ ጽሑፍ እቀይረዋለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ከባዱ ቀን ልንገራችሁ። ዲስኩ ሞልቶ ነበር። ትርፍ የቲኤምፒ (ጊዜያዊ) ፋይሎችን በፋይንድ ልሰርዝ ብዬ «ሰርዝ» የሚለውን «ዲሊት»ን «ስሙ ይህ የሆነ» ከሚለው «ኔም» አስቀድሜ ጻፍኩ። ፋይንድ የተጻፈለትን ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ነው የሚፈጽመው። ስሙን ሳያይ ያገኘውን ሁሉ ሰረዘ። እንዲህ የተሰረዘ ፋይል ደግሞ ቅርጫት ውስጥ አይገባም። የሁለት ወር ስካን ሄደ። ግማሹን ከደንበኞች ፍላሽ ለቃቅሜ መለስኩ፣ ግማሹ ቀረ። ሰው ፊት ቆሞ «ጠፍቷል» ማለት በጣም ያማል። ዛሬ መጀመሪያ ያለ ዲሊት አስሄደዋለሁ። የሚወጣውን ዝርዝር አንድ በአንድ አነባለሁ። ከዚያ ወደ ላይ የሚያሳየውን ቀስት ተጭኜ ያንኑ ትዕዛዝ እመልስና መጨረሻው ላይ ዲሊት እጨምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ሁሉንም ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ እገለብጣለሁ።

ስትገለብጡ ሲፒ (cp) የሚባለው የመገልበጫ ትዕዛዝ ላይ ጭረት ፒ (-p) ጨምሩ። አለዚያ ፋይሉ የተገለበጠበትን ቀን ይይዛል፣ የተጻፈበት ቀን ይጠፋል። እኔ ለዋስትና ቀኑን ስሙ ላይ በኛው አቆጣጠር ከዓመት ጀምሬ እጽፋለሁ። 2017-13-03 ጳጉሜ 3 ነው፤ ሲደረደር ከነሐሴ ቀጥሎ ቦታውን ይይዛል።

የቀረኝ አንድ ሥራ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዩኒኮድ ውጭ በነበሩት ፕሮግራሞች የተተየቡ ብዙ የቆዩ ፋይሎች አሉኝ። ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን የላቲን ኮድ ነው፣ ግሬፕ በአማርኛ አያገኛቸውም። ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ እኔና እህቴ አንድ አንድ እያልን ወደ ዩኒኮድ እየመለስናቸው ነው።