26 አብራሪዎች

በመሥሪያ ቤታችን የሥራ አፈጻጸም ግምገማ በመጣ ቁጥር የምተርከው የአንድ ሰው ታሪክ አለ። ከእኔ ያልሰማው ሠራተኛ ካለ አዲስ ተቀጣሪ መሆን አለበት። ሰውየው ቤንጃሚን ኦ. ዴቪስ ይባላል፤ አሜሪካዊ ተዋጊ አብራሪ ነበር፤ በ1970 ጡረታ ሲወጣ ሌተና ጄኔራል ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አባቱ የጦር መኮንን ነበሩ፤ ኋላ በ1940 በአሜሪካ ጦር የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል ሆነዋል። ይህ ግን ለልጁ መንገድ አልጠረገለትም። በ1932 ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ሲገባ ነጮቹ እጩ መኮንኖች ለሥራ ጉዳይ ካልሆነ በቀር እንዳያናግሩት አደሙበት። አራት ዓመት ሙሉ አብሮት የሚያድር ጓደኛ አልነበረውም። ከ276 ተመራቂዎች 35ኛ ሆኖ ጨረሰ። መብረር እፈልጋለሁ ብሎ ሲያመለክት ጥቁሮችን የሚቀበል የአየር ክፍል የለም ተባለና እግረኛ ጦር ተመደበ። በሩ የተከፈተው በ1941 ነው። ያኔ አላባማ ግዛት ውስጥ ቱስኪጊ በተባለ ቦታ ሥልጠና ከጀመሩት 13 ሰዎች በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የአብራሪነት ክንፍ የደረሳቸው አምስት ብቻ ሲሆኑ አንዱ እሱ ነበር። ቱስኪጊ ለእኛም ባዕድ ስም አይደለም፤ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው ጆን ሮቢንሰን እዚያው ያለው የጥቁሮች ኮሌጅ ምሩቅ ነበር።

እኔ ደጋግሜ የማነሣው ጉዳይ የተፈጸመው በ1943 ነው። ዴቪስ የሚያዝዘው የጥቁር ተዋጊ አብራሪዎች ክፍል፣ 99ኛው ስኳድሮን፣ በጸደይ ወራት ሰሜን አፍሪካ ደርሶ፣ ኮሎኔል ዊሊያም ሞማየር ከሚያዝዙት 33ኛው ተዋጊ ግሩፕ (ግሩፕ የበርካታ ስኳድሮኖች ስብስብ ነው) ጋር ተመደበ። የመጀመሪያ ግዳጁን በሰኔ ወር በሜዲትራኒያን ባሕር ባለችው በፓንተለሪያ ደሴት ላይ በረረ። በመስከረም ዴቪስ የሚበልጠውን 332ኛ ግሩፕ እንዲረከብ ወደ አሜሪካ ተጠራ። እሱ ከተነሣ በኋላ ሞማየር የጻፉት ሪፖርት ወደ ላይ መጓዝ ጀመረ። ስኳድሮኑ ጠላት ሲያጠቃው አሰላለፉን መጠበቅ ያቅተዋል፣ የማጥቃት መንፈስ ይጎድለዋል፣ አብራሪዎቹም ደክመዋል ይላል። አንድ የበላይ ጄኔራል ደግሞ ሪፖርቱን ሲያስተላልፉ የራሳቸውን ጨመሩበት፤ የጥቁር ሰው ተፈጥሮ ጥሩ ተዋጊ አብራሪ ለመሆን የሚያበቃ ቅልጥፍና የለውም የሚል። የመፍትሔ ሐሳቡ ስኳድሮኑን ከግንባር አንሥቶ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ላይ መመደብ ነበር። ወረቀቱ እየተፈረመበት እስከ አየር ኃይሉ የበላይ አዛዥ ጠረጴዛ ደረሰ።

በጥቅምት ወር የ30 ዓመቱ ሌተና ኮሎኔል ዋሽንግተን ውስጥ በጦር ሚኒስቴር ኮሚቴ ፊት ቆመ። ተሰድቧል፤ የተሰደበውም እሱ ብቻ ሳይሆን በስሩ እየበረሩ የሚሞቱት ልጆች ጭምር ናቸው። እኔ ብሆን ኖሮ ንግግሬን ከዘረኝነት እጀምር ነበር፤ ደግሞም ውሸት አይሆንም። እሱ ግን የጀመረው በማመን ነው። አዎን፣ በመጀመሪያዎቹ በረራዎች ስሕተት ሠርተናል፤ ከመካከላችን ቀድሞ ውጊያ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ አለ። ሌሎቹ ስኳድሮኖች አዲስ አብራሪ ሲመጣላቸው ከነባሩ ጎን አሰልፈው ያስተምሩታል፤ እኛ ነባር የለንም። ከዚያ ወደ ቁጥሩ ገባ። ሌሎቹ ስኳድሮኖች ከ30 እስከ 35 አብራሪ ሲኖራቸው የእሱ 26 ብቻ ነበር፤ ምትክ በጊዜው አይላክለትም። ስለዚህ አንድ አብራሪ በቀን እስከ ስድስት ጊዜ የሚነሣበት ቀን ነበር። ልጆቹ ደክመዋል የሚለው የሪፖርቱ ቃል እንግዲህ ከዚህ ጋር ይነበብ።

ይህን ታሪክ መተረክ የጀመርኩት ሞጆ ላይ ካየሁት ነገር በኋላ ነው። መሥሪያ ቤታችን ዕቃ አስተላላፊ ነው። አንድ ዓመት ዋናው ቢሮ የቃሊቲንና የሞጆ ደረቅ ወደብን ቡድኖች አወዳድሮ ሪፖርት አወጣ። ሞጆ ዘገምተኛ ሆኖ ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው፤ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ግን «የአካባቢው ወጣቶች ለተቀላጠፈ ሥራ ያላቸው ተነሣሽነት ዝቅተኛ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባበት። በስብሰባው ላይ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ።

የሞጆው ቡድን መሪ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸውን አይተው «እትዬ፣ ሠራተኞችዎ ሰነፎች ናቸው ማለታችን እኮ አይደለም» አሉ።

«ታዲያ የተጻፈው ምንድን ነው፣ ጌታዬ?»

መልስ አልመጣም። እትዬም አልጠበቁም። አዲሶቹ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰነድ እያሳሳቱ ዕቃ አዘግይተው እንደነበር ራሳቸው ተናገሩ፤ ማን እንደሆነና በምን እንደታረመ ጭምር። ከዚያ ከቦርሳቸው የበር መዝገቡን አወጡ። ከጅቡቲ የሚመጡት መኪኖች አብዛኛዎቹ ሲመሽ ይገባሉ፤ የመልቀቂያ ሰነዱ ከአዲስ አበባ የሚላከው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ፎርክሊፍቱ አንድ ነው፤ እሱንም ከሌላ ክፍል ጋር ይጋሩታል። ቃሊቲ ሰነድና ዕቃ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ድምፃቸውን አንዴም ከፍ አላደረጉም። እኔ በበኩሌ ጥቂት ከፍ ቢያደርጉ ደስ ባለኝ ነበር።

ሪፖርቱ አልተነሣም። አንድ አንቀጽ ተጨመረበት፣ ሰነዱም ጠዋት ጠዋት መላክ ጀመረ። ስለ ተነሣሽነት የምትናገረዋ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ አለች።

የዴቪስም ነገር ከዚህ ብዙ አይለይም። ወረቀቱን የቀደደው ማንም የለም፤ ስኳድሮኑ ግን ግንባር ላይ ቆየ። ጦሩ ራሱ 99ኛውን በዚያው አካባቢ ከሚበሩት እንደ እሱ ፒ-40 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ከያዙት ሌሎች ስኳድሮኖች ጋር አወዳድሮ ያስጠናው ጥናት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። በመካከሉ ሌላ ነገርም ሆኖ ነበር። በዚያው ጥቅምት 99ኛው ከሞማየር ግሩፕ ወጥቶ ኮሎኔል ኧርል ቤትስ ወደሚያዝዙት 79ኛው ግሩፕ ተዛወረ። ቤትስ ጥቁሮቹን አብራሪዎች ከነጮቹ ጋር በአንድ ግዳጅ ያሰማሩ ነበር። በጥር 1944 ጣሊያን ውስጥ የአንዚዮ ውጊያ ሲከፈት እነዚያ ማጥቃት አያውቁም የተባሉት ሰዎች በሁለት ቀን 12 የጀርመን አውሮፕላኖች ጣሉ። ጋዜጦች ብቃታቸውን አስመሰከሩ ብለው ጻፉ። በአብዛኛው ያው ልጆች፣ ያው ያረጁ ፒ-40ዎች ናቸው፤ የተለወጠው ከበላያቸው ያለው አዛዥ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው የእኛ ሰው ነገሩን ከጋዜጦቹ ቀድሞ ይረዳው ነበር።

ዴቪስ ራሱ አዛዥ ሆኖ የሠራው ከሁሉ ይበልጥብኛል። 332ኛውን ግሩፕ ይዞ ጣሊያን ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራው ከባድ ቦምብ ጣዮችን ማጀብ ሆነ። በዚያን ጊዜ የተዋጊ አብራሪ ክብር የሚለካው በጣለው የጠላት አውሮፕላን ብዛት ነው፤ አምስት የጣለ ጀግና ይባላል። ዴቪስ ግን ለዝና ብላችሁ ጠላት እያሳደዳችሁ ቦምብ ጣዮቹን እንዳትተዉ ብሎ አዘዘ። ከእነሱ መካከል አምስት የሞላለት አልተገኘም። «አንድም ቦምብ ጣይ አላስነኩም» የሚለው አፈ ታሪክ ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቆይቶ፣ የአየር ኃይሉ የታሪክ ባለሙያዎች መዝገቡን ሲያገላብጡ በእነሱ አጃቢነት ሳሉ 27 ቦምብ ጣዮች በጠላት አውሮፕላን መውደቃቸውን አገኙ። የሌሎቹ አጃቢ ግሩፖች አማካይ 46 ነው። ዜሮው ሲፈርስ ያዘኑ አሉ። እኔ 27ቱን እመርጣለሁ፤ ዜሮ ለሐውልት ያምራል፣ 27 ግን በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ውጤት ነው።

የቀረው ሹመት ነው። በ1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦሩ ውስጥ መድልዎ እንዲቀር ሲያዝዙ የአየር ኃይሉን የውሕደት ዕቅድ ካረቀቁት አንዱ ዴቪስ ነበር። በኮሪያ ከግሩፕ የሚበልጥ፣ «ክንፍ» የሚባል የአየር ክፍል አዘዘ፣ በ1954 በአሜሪካ አየር ኃይል የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል ሆነ፣ አራተኛው ኮከብ በጡረታ ላይ ሳለ በ1998 ተጨመረለት።

ሞማየርም አድገዋል። በ1967 ባለ አራት ኮከብ ጄኔራል ሆነው በቬትናም 7ኛውን አየር ኃይል ያዝዙ ነበር። በዚያው ዓመት ዴቪስ ፊሊፒንስ ላይ 13ኛውን አየር ኃይል ተረከበ። ታይላንድ ውስጥ ያሉት የአሜሪካ ክፍሎች በውጊያ ጉዳይ ተጠሪነታቸው ለ7ኛው፣ በአስተዳደርና በአቅርቦት ደግሞ ለ13ኛው ነበር። ስለዚህ ሞማየር ከታይላንድ ለሚያሰማሯቸው አብራሪዎች አስተዳደሩንም አቅርቦቱንም የሚያሟላው ዴቪስ ሆነ።